«ሲስተም የለም» ሲባል ማን ነው የሌለው?

በየመሥሪያ ቤቱና በየባንኩ መስኮት ከሚነገሩ ዐረፍተ ነገሮች መካከል የ«ሲስተም የለም»ን ያህል ሥራ የበዛበት ያለ አይመስለኝም። ሁለት ቃል ብቻ ነው። ሰልፍ ግን ይበትናል፤ ገበያ የወጣውን ገበሬ ገንዘቡን ሳያወጣ ወደ ቀዬው ይመልሳል፤ የሐኪም ማዘዣ ይዞ የሚንከራተተውን «ነገ ተመለስ» ያሰኛል፤ መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችውን ሠራተኛም ሆነ ከበላይዋ ያለውን ኃላፊ ከማስረዳት ግዴታ ባንዴ ነጻ ያወጣል። ቀደም ባለው ዘመን በዚሁ መስኮት «አለቃው የሉም» ወይም «መዝገቡ አልተገኘም» ይባል ነበር። አለቃው የሉም ሲባል ባለጉዳዩ «የት ሄዱ? መቼ ይመለሳሉ? ማንን ወክለው ሄዱ?» ብሎ የመጠየቅ ወግ ነበረው። ሲስተም የለም ሲባል ግን ጥያቄው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። የሌለው ምን እንደሆነ የሚጠይቅበት ቃል የለውማ!

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ የቃል እጦት ነው። ነገሩ የሚነካው ጠባብ የሚመስል የሙያ ዘርፍ ነው፤ ብዙ ኮምፒዩተሮችን አስተሳስሮ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን ተቀብሎ እንዲቀጥል የሚያደርገውን የሶፍትዌር ዓይነት። ባለሙያዎቹ ክላስተር ይሉታል። «ይህ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን ሊገልጥ የቃጣው አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። ደመወዛችንና ቁጠባችን፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህም በቴሌብር በኩል የኪሳችን ሳንቲም ሳይቀር የሚያድረው በማሽኖች ሆድ ውስጥ ነው። የገንዘባችንን ጠባቂ በራሳችን ቋንቋ መጠየቅ ካልቻልን የቋንቋ ጉዳይ ለባለ ቅኔዎችና ለሰዋስው መምህራን ብቻ የተተወ ነገር ይሆናል።

ነገሩ ምንድን ነው?

እስቲ በመጀመሪያ ነገሩን ስለ ቃሉ ሳንጨነቅ እንየው። አንድ ባንክ የደንበኞቹን ሒሳብ የሚይዝ ኮምፒዩተር አለው እንበል። ማሽን ነውና ይግላል፣ ይቃጠላል፣ መብራት ይሄድበታል። ስለዚህ ባንኩ ሁለተኛ ይገዛና አጠገቡ ያኖራል፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ። ይሁን እንጂ ሁለት ማሽን መግዛት ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው የመጀመሪያውን መሞት በምን ያውቃል? ለዚህ ሲባል ሁለቱ ያለማቋረጥ «አለሁ፣ አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይለዋወጣሉ። መልእክቱ ለተወሰነ ጊዜ ከተቋረጠ በሕይወት ያለው የጠፋውን ሥራ ይይዛል። ነገሩ በደንብ ከተሠራ ደንበኛው ልብ ሳይል ይቀራል።

ጣጣው የሚመጣው ማሽኑ ሳይሞት በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ ብቻ የተበጠሰ እንደሆነ ነው። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው ጓደኛዬ ሞቷል ብለው ያምናሉ። ሁለቱም በአንድ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። አንዱ ደንበኛው ሺህ ብር አስገባ ሲል ሌላው በዚያው መስመር ላይ ሺህ ብር አወጣ ይላል። ይህ ከመቋረጥ የከፋ ነው። የተቋረጠ አገልግሎት ይመለሳል፤ የተምታታ መዝገብ ግን ማንን እንደሚያምኑ ያሳጣል። ዲጂታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቫክስክላስተር የተሰኘ ሥርዓቱን ገበያ ላይ ካዋለ ወዲህ ይህ የሙያ ዘርፍ ሲታገል የኖረው ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው፤ በዚህች ሰዓት ሥራውን በሕጋዊ መንገድ የያዘው ማን ነው?

ጥያቄውን ልብ በሉልኝ። የሹመት፣ የውርስ፣ የዳኝነት ጥያቄ ነው። በዚህ ጉዳይ ደግሞ አማርኛ ድኻ ነው የሚል ካለ አማርኛን አያውቀውም።

መዝገበ ቃላቱና ሁለቱ ወገኖች

የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት፣ እንግሊዝኛ በአማርኛ፣ የታተመው በ1989 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ መረቡ ወደ አገር ገባ ማለት ነው። ስለዚህ የዛሬውን የኮምፒዩተር ቃላት ከእርሱ መጠበቅ ግፍ ይሆናል። የነዚያ ምሁራን ድካም ግን ከመጽሐፉ በላይ የሆነ ልማድ አትርፎልናል። ከግዕዝ ሥር መዝዞ፣ ሁለት ቃል አጋጥሞ አዲስ ስም የማውጣት ልማድ ነው። በዚህ መንገድ ሥነ ምኅዳርን፣ ብዝኃ ሕይወትን፣ በኋላም ድረ ገጽንና በይነ መረብን አግኝተናል። እነዚህ ቃላት ሕይወት ዘርተዋል፤ ድረ ገጽ የሚለውን ቃል ዛሬ የሠፈር ልጅም ይለዋል።

ሆኖም ይህ ልማድ አንድ ሕመም አለበት። ነገሩን ከማየት ይልቅ የእንግሊዝኛውን ቃል ያያል። የእንግሊዝኛው ስም ሁለት ቃል ከሆነ የአማርኛውም ሁለት ይሆናል፤ እዚያ ቅጽል ካለ እዚህም ቅጽል ይደነቀራል። ክላስተር የተሠራበትን ዓላማ፣ ያለመቋረጥን፣ «ከፍተኛ ተገኝነት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ያጋጥማል። ተገኝነት ምንድን ነው? ስብሰባ ላይ መገኘት ነው? እንደ ጠፋ ከብት መገኘት ነው? ከፍተኛ ሲሆንስ ተራራ ላይ መገኘት ነው? ቃሉ በሰዋስው አይከሰስም፤ ግን ማንም በአፉ ይዞት ገበያ አይወጣም።

በሌላው ወገን የተሰለፉት ሁሉን በእንግሊዝኛ እንበለው ባዮቹ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነ ወጣት ባለሙያ መራዊ ውስጥ ሻይ እየጠጣን «ጋሼ፣ ኖዱ ፌይልኦቨር ስላላደረገ ነው ዳውን የሆነው» አለኝ። ከዚህ ዐረፍተ ነገር የአማርኛ ድርሻ ማሰሪያውና ማያያዣው ብቻ ነው። ወጣቱን አልፈርድበትም፤ መንግሥትም በዚሁ መንገድ ሄዶ ያቋቋመውን ተቋም የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ብሎታል፤ ከአራቱ ቃላት አማርኛው «የኢትዮጵያ» ብቻ ነው።

ቃል መዋስ ነውር ነው አልልም። ስልክን ከዐረብኛ፣ መኪናንና ፍሬንን ከጣልያንኛ ወስደን የራሳችን አድርገናል። ባቡርማ ከሐዲዱ ወርዶ በገጠሩ የእህል ወፍጮ ሆኗል። ነገር ግን እነዚህ ቃላት የመጡት ዕቃውን ይዘው ነው። ፍሬን የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ፍሬኑን በእግሩ ረግጦታል፤ ሲበጠስም አይቷል። ክላስተር ግን የታጠረ ክፍል ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ማንም አይረግጠውም፣ ማንም አያየውም። ቃሉ ዕቃውን ሳያስከትል ብቻውን ሲመጣ የሚያስረዳ መሆኑ ይቀርና የሚሸፍን ይሆናል። «ሲስተም» የሆነውም ይኸው ነው።

ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት አንድ ነገር አለ። የእንግሊዝኛዎቹ ቃላት ራሳቸው ከላቦራቶሪ አልወጡም። የ«አለሁ» መልእክቱን የልብ ምት አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ አንድ የሊኑክስ ሶፍትዌር ስሙ ራሱ የልብ ምት ነበር፤ ከእርሱ የወጣው ልጁ ደግሞ የልብ ምት ለሚቆጣጠረው የሐኪም መሣሪያ በተሰጠው ስም ፔስሜከር ተባለ። ማይክሮሶፍት በዚያው ዘመን የመጀመሪያ ክላስተሩን ሲሠራ የምሥጢር ስሙ የተኩላ መንጋ ነበር። ምስክር፣ አጥር፣ ጌታ፣ እንግዳ፤ ሁሉም ከሰውነታቸው፣ ከጓሯቸው፣ ከፍርድ ቤታቸው የተወሰዱ ቃላት ናቸው። ታዲያ እኛ ቃላቸውን ከምንተረጉም ያደረጉትን ብናደርግ ምን ነበረበት?

ከየት እንምዘዝ?

ይህን የምጽፈው መራዊ ተቀምጬ ነው። ከዚህ ጥግ ላይ የቆጋ ግድብ አለ፤ ወደ 7,000 ሔክታር መሬት የሚያጠጣው። የሜጫ ገበሬ ክላስተር የሚለውን ቃል ከባንክ ባለሙያ ቀድሞ ሰምቶታል። የግብርና ባለሙያዎች ማሳ ለማሳ የተያያዙ ገበሬዎች አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ጊዜ እንዲዘሩ ሲያደርጉ «ክላስተር» አሉት፤ ሬዲዮው ተቀብሎ «ኩታ ገጠም» አለው። እነሆ ያማረ ቃል! ለኮምፒዩተሩስ ይሆናል? በበኩሌ አይሆንም እላለሁ። ኩታ ገጠም የሚናገረው ስለ ጉርብትና ነው። በረዶ ሲመታ ኩታ ገጠሙን ሁሉ ይመታል። የኮምፒዩተሩ ክላስተር ዓላማ ደግሞ በረዶው ሁሉን እንዳይመታ ማድረግ ነው። ደቦና ጅጌም አይሆኑም፤ እነርሱ ብዙ ጉልበት ባንድ ሥራ ላይ ለማፍሰስ ናቸው፤ ብዙ ማሽን አንድ ትልቅ ስሌት ሲካፈል ቢባል ይስማማል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበው ወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ያንተን፣ ነገ አንተ የእኔን። የወንፈል ፍሬ ነገሩ እዳው የታወቀ መሆኑ ነው፤ ክላስተርም እያንዳንዱ ማሽን የሌላውን ሥራ ለመሸከም አስቀድሞ የገባው እዳ ነው።

በሥራ ላይ ያለውን ማሽንና የሚጠብቀውን ምን እንበላቸው? የእግር ኳስ ጋዜጠኞች ማንንም ሳያማክሩ «ተሰላፊ» እና «ተጠባባቂ» ብለው ጨርሰውልናል። ከዚያም የሚቀድም አለ። በደብሩ ሁሉ ካህናት በሳምንት ተከፍለው ያገለግላሉ፤ ተራው የደረሰው ሰሞነኛ ይባላል። በሰሞነኛ ሥርዓት ካህን ይታመማል፣ ይሞታል፤ አገልግሎቱ ግን አይታጎልም። ያለመቋረጥን ጥበብ ከዚህ በላይ የሚገልጽ ቃል ከየት ይመጣል?

የውሳኔውን ቁጥር በተመለከተ ሥራው ያለቀ ነው። ሥራውን ለመያዝ ከግማሽ በላይ የሆኑት ማሽኖች እርስ በርስ መተያየት አለባቸው፤ ያለዚያ ማንም መዝገቡን አይነካም። ይህ ምልዓተ ጉባኤ ነው። የእድር ጸሐፊ ያውቀዋል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ያውቀዋል፤ ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን እንደማይቀደስ የሚያውቅ ምእመንም ሐሳቡን ይዞታል። ማሽኖቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑና ገመዱ ሲበጠስ አንድ ለአንድ ይሆኑና ብዙኃን ይጠፋል። ስለዚህ መዝገብ የማይዝ፣ ጥቅም የሌለው ሦስተኛ ማሽን ይቆማል፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይፈርዳል። እንግሊዝኛው ምስክር ይለዋል። ምስክር ግን ያየውን ይናገራል እንጂ አይፈርድም። የአያቶቻችን ሥርዓት የተሻለ ስም አለው፤ የመንገድ ዳኛ። ሁለት ተጣይዎች መንገደኛውን አስቁመው «ፍረደን» ይሉት ነበር። ጥቅም የሌለው፣ የሁለቱም ያልሆነ፣ ነገሩን ቆርጦ መንገዱን የሚቀጥል ሰው!

አሁን ወደ ከባዱ ቃል ደረስን፤ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚይዝበት ቅጽበት። መተካካት እንዳንለው ቃሉ በኢሕአዴግ ዘመን በስብሰባ ብዛት አልቋል። ርክክብ መልካም ነው፤ ግን ርክክብ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አስረካቢና ተረካቢ። የሞተ ማሽን አያስረክብም። ስለዚህ በዕቅድ የሚደረገውን ርክክብ፣ በድንገት የሚሆነውን ውርስ ብንለው ልዩነቱ ጥርት ይላል። ውርስ የሚለው ቃል ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. የትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ሌላ ጠረን እንዳለው አውቃለሁ። ቢሆንም የቤተ ሰቡ ውርስ ከአዋጁ የቆየ ነው፤ ቃሉን ለደርግ ትተን መሄድ የለብንም። ሁለቱ ማሽኖች ሁለቱም ሳይሞቱ ወራሽ ነን ሲሉ ደግሞ ያ ድርብ ውርስ ነው። እንግሊዝኛው የተሰነጠቀ አንጎል ይለዋል፤ እኛ ግን ሟቹ ሳይሞት ንብረቱን የተካፈሉ ወንድማማቾችን ታሪክ ከየፍርድ ቤቱ ስለምናውቅ አንጎል መሰንጠቅ አያስፈልገንም።

የድርብ ውርስ መድኃኒቱ አንዱን ከመዝገቡ ማራቅ ነው። አጥር ማጠር ይሉታል። የእኛ ፍርድ ቤት እግድ ይለዋል፤ ክርክሩ እስኪለይ ንብረቱን እንዳትነካ። ቃሉ ሙሉ ነው፤ ማን እንዳገደ፣ ማን እንደታገደ፣ መቼ እንደሚነሣ ሁሉ ያስጠይቃል። ባለሙያዎቹ ለአንዱ የእግድ ዘዴ የሰጡት ስም ሲተረጎም «የሌላውን ማሽን ጭንቅላቱን በጥይት ምታው» ማለት ይሆናል። እነርሱ ለቀልድ ነው ያሉት። በጥር 2016 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰዎች በተገደሉባት በመራዊ ይህን ቀልድ የሚተረጉም እጅ የለኝም። እንደዚሁም «ጌታና ባሪያ» የሚሉት ጥንድ አለ። ድሩፓልና ጃንጎ የተሰኙት ሶፍትዌሮች እ.ኤ.አ. በ2014፣ ፓይተን በ2018 ይህን አነጋገር መተው ጀምረዋል። ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. በሆነበት አገር ቃሉን እንደገና ማስገባት ምን የሚሉት ነው? አለቃና ምንዝር የሚል ሰላማዊ ጥንድ በእጃችን አለ።

ደባሉ ማሽን

ዛሬ ነገሩን የሚያወሳስበው ማሽኑ ራሱ ማሽን አለመሆኑ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1972 በትልልቅ ኮምፒዩተሮቹ፣ በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር ደግሞ በተራዎቹ ኮምፒዩተሮች እንዳሳዩት፣ በአንድ ብረት ላይ ብዙ ኮምፒዩተሮች በሶፍትዌር ብቻ ተሠርተው ይኖራሉ። ይህን «ምናባዊ ማሽን» የሚል ትርጉም አለ። ምናብ የደራሲ ነው፤ የደመወዜን ሒሳብ ምናብ ይዞታል ብባል እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህ ማሽን የሚሠራው ሥራ እውነተኛ ነው፤ የሌለው ነገር ቢኖር የራሱ ቤት ነው። ለዚህ ደግሞ የከተማ ሰው የታወቀ ቃል አለው፤ ደባል። ብረቱ ቤቱ ነው፤ ቤቱን ከፋፍሎ የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር አከራዩ፤ በውስጡ የተጠለሉት ደባሎች።

ቃሉ እንዴት እንደሚሠራ ተመልከቱ። ተሰላፊውና ተጠባባቂው አንድ ቤት ውስጥ ደባል ከሆኑ ምን ይሆናል? ቤቱ ሲቃጠል ሁለቱም ይቃጠላሉ። በወረቀት ላይ ሁለት ማሽን አለን፤ በእውነቱ አንድ ብረት ነው። ይህ በዚህ ሙያ ውስጥ የታወቀ አደጋ ነው፤ ጥንዶቹን አንድ ብረት ላይ አታኑር የሚል ደንብ ለብቻው ተሠርቶለታል። በእንግሊዝኛው ስሙ ግን ለኃላፊው ቢያስረዱት ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይገባውም። «ሁለቱ ዋሶች አንድ ቤት ነው የሚያድሩት» ቢባል ግን ይደነግጣል። ሌላም አለ። ደባሉን ሳያጠፉ ከቤት ወደ ቤት ማዛወር ይቻላል፤ ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ2003 አስተዋውቆታል። በዝውውሩ ወይም ቅጂው በሚነሣበት ሰዓት ደባሉ ለአፍታ ይደነዝዛል። «አለሁ» የሚለው መልእክት ከዘገየ ጓደኛው ሞተ ብሎ ይወርሰዋል። ራሱን የሳተን ሰው መቅበር ማለት ይኸ ነው።

ቃሉ ለምን ያስፈልገናል?

አንድ የገበያ ቀን እዚሁ መራዊ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ባንክ ውስጥ ሰልፍ ይዘን «ሲስተም የለም» ተባልን። ከፊቴ የቆሙ አንድ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው «ልጄ፣ ሲሄድ ተተኪ አላቆመም?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ ሳቀች፤ ሰልፉም ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ የባለሙያ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው ክላስተርን አያውቁም፤ የክላስተርን ጥያቄ ግን ያውቃሉ። ጥያቄያቸው በሳቅ የታለፈው ከመልሱ ጋር የሚገናኝበት ቃል ስለሌለ ነው።

«ሲስተም የለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ይከታል። አንደኛው ወደቀ ነው፤ ማሽኑ ሞተ፣ ወራሽም አልነበረውም። ለዚህ ተጠያቂው ወራሽ ያላቆመው ነው። ሁለተኛው ተዘጋ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲጠፋ የሞተ ማሽን አልነበረም፤ የተዘጋ መንገድ እንጂ። ወደቀ እና ተዘጋ በአንድ ቃል ሲጠሩ ውሳኔ ብልሽት ይመስላል። ሦስተኛው ተዛባ ነው። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት ገለጸ። የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረም ተነገረ። ያ ሌሊት ድርብ ውርስ ነበር እያልኩ አይደለም። የምለው በዚያ ሌሊት ሲስተም ነበረ፤ የጠፋው የመዝገቡ ልክ ነበር። «አለ» እና «የለም» ብቻ የሚያውቅ አነጋገር ይህን ሌሊት የሚጠራበት ስም የለውም።

የውል ነገርም አለ። በዓመት 99.9 በመቶ እሠራለሁ የሚል አቅራቢ ለ8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል እንዲጠፋ ተፈቅዶለታል፤ 99.999 በመቶ የሚለው ግን ለ5 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ገደማ ብቻ። በወረቀት ላይ ሁለቱም «ከፍተኛ ተገኝነት» ተብለው ይፈረምባቸዋል። «በዓመት ይህን ያህል ደቂቃ ይታጎላል» ተብሎ ቢጻፍ ግን ፈራሚው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ይጠይቅ ነበር።

የዘረዘርኳቸው ቃላት ሁሉ ይጽደቁልኝ አልልም። ሰርቨርና ሶፍትዌር ከእኛ ጋር ኖረዋል፤ ይኑሩ። ደባል የሚለው ለመደበኛ ጽሑፍ ይቀላል የሚል ቢኖር ጥንዱን ያቅርብ። የምከራከረው ስለ መንገዱ ነው። የሚቀጥለውን መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሊቃውንት የግዕዙን መዝገብ ከመግለጣቸው በፊት የፍርድ ቤት ሬጅስትራሩን፣ የእድር ጸሐፊውን፣ በባህላዊው መስኖ ተራ የሚያካፍለውን የውኃ አባት ቀርበው ያነጋግሩ። ተራ፣ ወራሽ፣ እግድና ምልዓተ ጉባኤ እነርሱ ዘንድ በየቀኑ ሥራ ላይ ናቸው፤ ማሽኖቹ የሚያደርጉትን እነርሱ ሲያደርጉት ኖረዋል።

አንባቢ ሆይ፣ እስከዚያው ድረስ መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» ሲሉህ የሽማግሌውን ጥያቄ በትንሹ አስፋው። ወድቆ ነው፣ ተዘግቶ ነው፣ ወይስ ተዛብቶ? ወድቆ ከሆነ ወራሹ ማን ነበር? ወራሹስ የሚያድረው የት ነው? ልጅቱ መልሱን ላታውቅ ትችላለች። ጥያቄው ግን ወደ አለቃዋ፣ ከአለቃዋም ወደ አለቃው አለቃ ይሄዳል፤ አንድ ቀን መልሱን የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።